የላንጋኖው ሱባኤ

ቦሎኛ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐዲስ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ? ባጃጅህስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሲኞራን አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ አሁን ቁጭ ማለቴ ነው። ሲኞራ የምልህ የማስታምማት አሮጊት ናት፤ ዘጠና ዓመቷ ነው፣ እኔን ግን ቀብራኝ ነው የምትሄደው።

በወረቀት ስጽፍልህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ቴሌግራሜ በኪዳኔ ታብሌት ላይም ተከፍቷል፤ ታብሌቱን ደግሞ ይዞት ሄዷል። እንዴት እንደሚዘጋ ልጄን ኑኃሚንን ብጠይቃት "ለምን?" ትለኛለች። ብደውልልህ ደግሞ አንተ ትስቃለህ እንጂ አትናገርም። ስለዚህ ይህችን ወረቀት ፎዚያ ታደርስልሃለች፤ ያቺ ከዚህ ልብስና ጫማ በሻንጣ እየጫነች አዳማ የምትነግደው። ቶሎ ቶሎ ትመላለሳለች። መልስህን ለሷ ስጣት። አታነብም፤ ብታነብም ለሰው አትናገርም።

አሁን ወደ ነገሬ። ባለቤቴ ኪዳነወልድ "ወገቤን አሞኛል፣ ፍል ውሃ ልታጠብ፣ ጠበልም ልጠመቅ" ብሎ ሰኔ መጨረሻ ላይ እናንተ ዘንድ መጥቷል። ወገቡን እውነት ያመዋል? እኔ እንጃ። ከመሄዱ በፊት ሦስት ወር ሙሉ ጂም ሲመላለስ ነበር፤ ወገቡን የሚያመው ሰው ብረት አያነሳም። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ዕለት ኬክ ገዛሁለት። ሻማውን እፍ ሳይል ተነስቶ መስታወት ፊት ቆመ፣ ኬኩ ላይ ሰሙ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሌላ ሰው ነው።

የሚያስጨንቀኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ የመልስ ትኬት ሳይቆርጥ ነው የሄደው። "መቼ ትመለሳለህ?" ስለው "እናያለን" አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር "እናያለን" ብሎኝ አያውቅም። ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ይህችን ብቻ እወቅልኝ። ከዚያ ውጭ ምንም ነገር እንዳትሠራ። አንተን አውቅሃለሁ፤ በወንድሜ ሠርግ ላይ የሙሽራውን ጫማ የደበቅክ ልጅ ነህ።

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ከዚህ ምን ልላክልህ?

አክስትህ ሰብለወንጌል

*

አዳማ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት፣ የዘጠና ዓመት አሮጊት በአንድ እጃቸው ለሚያገላብጡት ለእትዬ ሰብለወንጌል፣

ሰላምታዬ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ካለው መንገድ ይርዘም፤ ጉድጓዱ ግን አይኑርበት። እኔም ደህና፣ እናቴም ደህና። ባጃጄ ብቻ ጉብታ ባየች ቁጥር ታቃስታለች፤ እሷም ወገቧን ነው መሰለኝ፣ ጠበል ላስገባት አስቤያለሁ።

እትዬ፣ እርስዎ የእናቴ የአክስት ልጅ ነዎት። ዝምድናችን ቀጭን ነበረች፤ "ምን ልላክልህ" ካሉኝ ሰዓት ጀምሮ ግን ወልደውኛል። ነጭ ስኒከር፣ አርባ ሁለት ቁጥር። ፊደል ብስት ይለፉኝ፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ወድጃት ሁለቴም አልወደደችኝም።

ወደ ጋሽ ኪዳኔ ልምጣ። ሰውዬው ጉልበቱ ላይ የተቦጫጨቀ ጂንስ ለብሰው ነው አዳማ የገቡት። እናቴ አይታቸው "ወንድሜን ምን አገኘው! ያውልቁትና ልስፋልዎት" አለቻቸው። ፋሽን ነው ቢሏት አልሰማችም፤ መርፌዋን ይዛ እስከ በር ድረስ ተከትላቸዋለች።

በሳምንቱ ፀጉራቸው ነጭ ሄዶ ጥቁር ተመለሰ። ቀለሙን የምትቀባቸው የሺዓለም ትባላለች፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ባል የላትም፣ ስትስቅ ትከሻዋም አብሮ ይስቃል። ጋሼ በየሁለት ቀኑ ይሄዳሉ። "ጋሼ፣ ቀለም እኮ በወር ነው የሚቀባው" አልኳቸው። "ሥሩ ወጣ" አሉኝ። "የእርስዎ ሥር ከጤፍ ይፈጥናል" አልኳቸው። ኩምክና አይወዱም፤ ቀኑን ሙሉ ባጃጄን ስለሚኮናተሩኝ ግን እኔ እወድላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "ሐዲስ፣ እኔና አንተ ወንዶች ነን አይደል?" አሉ። "እኔ ገና እያመለከትኩ ነው" አልኩ። "ፋርማሲ ግባና ያቺን ክኒን አምጣልኝ።" "የትኛዋን?" እያወቅኩ ነው። "ያቺን... ለወንድ።" "ለወንድ ራስ ምታት?" ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ገባሁና የልጆች ቫይታሚን ሲ ገዛሁ፤ ከካርቶኑ አውጥቼ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። አንዷን ቀምሰው "ብርቱካን ብርቱካን ትላለች" አሉ። "አዲስ የመጣች ናት" አልኩ። እትዬ፣ እስካሁን ጉንፋን አልያዛቸውም። ሌላ ለውጥ ካለ የምትነግረን የሺዓለም ናት፤ እሷን ደግሞ ማሳቅ እንጂ ማናገር አልቻልኩም።

አሁን የጠየቁኝን። እየነዳሁ "ጋሼ፣ መቼ ነው የሚመለሱት?" አልኳቸው። "ሰው አገሩ ገብቶ ይመለሳል እንዴ?" አሉ። ፍራንኮ ሰፈር ስንደርስ ግን "ሰብሌ ሳል ነበረባት፤ ተሽሏት ይሆን?" አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለመንገዱ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደሚያነቡት እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ።

ይልቅ ዋናው ነገር አሁን መጣ። ጋሼ ለእህታቸው ለእትዬ አበዛሽ "ፍልሰታን ሙሉውን አሥራ አምስት ቀን ጠበል ቦታ ሱባኤ እይዛለሁ" ብለዋቸዋል። እትዬ አበዛሽ እንባ በእንባ ሆኑ፤ "ፈረንጅ አገር ኖሮ ሃይማኖቱን አልረሳ!" እኔ ግን የታዘዝኩት ላንጋኖ ዳር ካለ ሎጅ ክፍል እንዳስይዝ ነው። "ስንት አልጋ?" አልኩ። "አንድ፣ ሰፊ" አሉ። ለስግደት ይሆናላ።

ምን ላድርግ? ይጻፉልኝ። እስከዚያ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ ከዋሸሁ ስኒከሬን ይንሳኝ።

ታዛዥዎ ሐዲስ

*

ቦሎኛ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዲስ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ቫይታሚኑ ጋ ስደርስ ትስቃለች ብለህ ከሆነ አልሳቅሁም።

ሴትዮዋን ምንም እንዳትላት። እሱም ይሂድ፤ ክፍሉን አስይዝለት። አታስቸኩለው። እንዲያውም እስከ ነሐሴ አጋማሽ እንዳይመጣ፤ ቢመጣም አያገኘኝም። ሲኞራን ሐኪሟ "የባሕር አየር ያስፈልጋታል" ስላላት ለጥቂት ቀን ወደ ባሕር ዳርቻ ይዣት እወርዳለሁ። መድኃኒቷን ከፋርማሲ የሚያመጣልን ጁሊያኖ የሚባል ሰው አለ፤ መኪና ስላለው እሱ ያደርሰናል። እሷ ደካማ ናት፣ ብቻዬን አልችላትም።

ለአበዛሽ ምንም እንዳትነግራት። ይህን በተለይ። ያቺ ሴትዮ አንድ ነገር ከሰማች ቤቷ አትቀመጥም።

ነጭ ስኒከር ይቆሽሻል፤ ጥቁር ልግዛልህ? ሳሌ ተሽሎኛል። ከጠየቀህ ብቻ ንገረው፤ ካልጠየቀህ አትንገረው።

ሰብለወንጌል

*

አዳማ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለወንጌል፣ የባሕር አየር ለሚያስፈልጋቸው ለሲኞራ፣ እንዲሁም መኪና ላለው ለጁሊያኖ፣

ለሦስታችሁም ሰላም ይብዛላችሁ። የኔን ጤና አይጠይቁኝ፣ ከሳቅ ብዛት ጎኔን ይዞኛል።

አስቀድሜ ልማልልዎት። "ለአበዛሽ እንዳትነግራት" ያሉባት ደብዳቤ የደረሰችኝ ትናንት እሁድ ነው፤ ፎዚያ ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነበር። (ለሷም ከዚያ ቫይታሚን ልሰጣት ይገባ ነበር።) ቅዳሜ የሆነው ሁሉ ሳላነብ የሆነ ነው። ባነብስ ኖሮ? እሱን አይጠይቁኝ።

ጋሼ ሐሙስ፣ ፍልሰታ በገባ ዕለት፣ ከየሺዓለም ጋር ላንጋኖ ወረዱ። ለኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ነው፤ "አበዛሽ ከጠየቀችህ ጠበል ገብቷል በላት።" ዓርብ ጠየቁኝ። ታዛዥ ልጅ ስለሆንኩ "ጠበል ገብተዋል" አልኩ። "የት?" አሉ። ይቺ ትእዛዝ ውስጥ የለችም። "ላንጋኖ። ፍል ውሃ አለው፣ ለወገብ ፍቱን ነው" አልኩ። ውሸት ካለበት ያሳዩኝ።

እትዬ፣ ጣሊያን አገር ሰው ታሞ ጠበል ሲገባ ዝም ይባል ይሆናል። እዚህ ግን ይጠየቃል! ጋሼ ያንን ረስተውታል። ሃያ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው መዋሸት አይረሳም፤ ሲዋሽ ማን በሶ ይዞ እንደሚመጣ ነው የሚረሳው።

እትዬ አበዛሽ ሙሉ የጽዋ ማኅበራቸውን አስነሱ። እኔ ጉደታን ጠራሁት። ጉደታ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው፤ አዘቦት ቀን ሚኒባሱን የዱከም ፋብሪካ ሠራተኛ ያመላልስበታል፣ ቅዳሜ ነፃ ነው። አሥር እናቶች፣ ሁለት ከረጢት በሶ፣ ቆሎ፣ አምባሻ፣ ጠበል የሚቀዳበት ጀሪካን ተጫነ። ጉደታ "ሐዲስ ኣቦ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ያህል ቢታመም ነው?" አለኝ። "ገና አልታመመም" አልኩት።

ረፋዱ ላይ ደረስን። እናቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ሰልፍ ይዘው ሎጁ ውስጥ ገቡ፤ ዘበኛው ማኅበር ይሁን ሰላማዊ ሰልፍ ግራ ገብቶት ቆብ አወለቀ። ሐይቁ ዳር ረጅም የመዝናኛ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ጋሽ ኪዳኔ በሆዳቸው ተኝተዋል። አበባ አበባ ያለበት ቁምጣ፣ የአንገት ሰንሰለት፣ ጥቁር መነጽር። የሺዓለም አጠገባቸው ተንበርክካ ጀርባቸውን ቅባት ትቀባቸዋለች።

እትዬ አበዛሽ ቆሙ። የሐይቁም ማዕበል የቆመ መሰለኝ።

"ኪዳኔ! አንተ ልጅ!"

ጋሼ ቀና ሲሉ መነጽሩ ወደቀ። "እታለም?"

"ወገብህ ነው እንዴ እንዲህ የጣለህ? እመቤቴን፣ ልብስ መልበስ እንኳ አቅቶህ!" ቀጥለውም ወደ የሺዓለም ዞሩ። "እቺስ ልጅ?"

ጋሼ አፋቸውን እንደ ላንጋኖ ዓሣ ከፈት ከደን ያደርጋሉ። አዘንኩላቸውና እኔ መለስኩ። "ወጌሻ ናት። ለወገብ ያመጣናት ናት።"

የተቀባ ጀርባ፣ የቅባት ጠርሙስ፣ የተጠቀለለ እጅጌ፤ ማን ይጠራጠራል? እትዬ አበዛሽ የሺዓለምን ግንባሯን ሳሟት። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ! እኔ ደግሞ ይቺ ጉልበቴ..." ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበሩ ላይ ወጡ። ጋሼን ገፍተው አስወረዷቸው። ከኋላቸው ዘጠኝ እናቶች ተሰለፉ፤ ትከሻ፣ ቁርጭምጭሚት፣ አንገት፣ አንዷ እንዲያውም "ጥርሴን" አሉ።

እትዬ፣ ለእውነት ልመስክርና የሺዓለም ጀግና ናት። ሌላ ሴት ብትሆን ሐይቁ ውስጥ ትገባ ነበር። እሷ ግን ቀን ሙሉ የሰው ራስ ስታሽ የኖረ እጅ አላት፤ የእትዬ አበዛሽን ጉልበት ይዛ ስታፍታታው አሮጊቷ እንደ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሼ ደግሞ በሶ ተበጥብጦላቸው በቁምጣቸው ቁጭ ብለው ይጠጣሉ። ከኩሽናው የዓሣ ጥብስ ሽታ ይመጣል፤ ምሳ አዝዘው ነበር። አስተናጋጁ ሳህኑን ይዞ ሲመጣ ጉደታን "ያንተ ነው" አልኩት፤ ጉደታ አመስግኖ በላ።

ታዲያ እትዬ አበዛሽ ጉልበታቸው ሲላላ ምላሳቸውም ላላ። "ወንድሜን አደራሽን፣ እስኪድን እንዳትለቂው። ሚስቱ ሰብልዬ ሥራ ይዟት ነው እንጂ እሷ ነበረች የምታሸው..."

የየሺዓለም እጅ ቆመ። "ሚስታቸው?"

"እንዴ! ሃያ ሦስት ዓመት! አንዲት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ናት።"

ጋሼ ለየሺዓለም ምን እንዳሏት ያኔ ነው የገባኝ። "ከተፋታሁ ቆየሁ" ብለዋታል። እትዬ፣ በዚህ አልሳቅሁም። እሷም አልጮኸችም። የእትዬ አበዛሽን ቀሚስ ወደ ታች አስተካክላ፣ እጇን በፎጣ ጠርጋ፣ እንዲህ ብቻ አለች፤

"ጋሼ፣ ተራዎ ደርሷል። በሆድዎ ይተኙ።"

"እኔ እንኳ አሁን ተሽሎኛል..."

"ይተኛ!" አሉ አሥሩም እናቶች።

ተኙ። የሺዓለም ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ክርኗን ወገባቸው ላይ ተከለች፣ መላ ክብደቷን አሳረፈችበት። ቀጭ! ሲል እኔም ጉደታም ሰማን። ጋሼ "እመቤቴ ድረሽልኝ!" ብለው ጮኹ። እናቶቹ እልል አሉ፣ "ሲወጣለት ነው!" ተባለ። እሷም ሌላኛውን ጎን ደገመችው።

ከዚያ በኋላ ጋሼ መነሳት አልቻሉም። ጉደታ ጥርሱን እየፋቀ መጣና አያቸው። "ኣቦ፣ አሁን ታመመ" አለ።

ሱባኤው በሦስተኛው ቀን እንዲህ ፈረሰ። ሚኒባሱ ወለል ላይ በከረጢቶቹ መሃል አስተኝተን አመጣናቸው። እናቶቹ የላንጋኖን ቡናማ ውሃ በጀሪካን ቀድተው በየመንገዱ ይረጯቸዋል። የሺዓለም ጋቢና ተቀምጣ የአሥሩንም ስልክ ቁጥር ተቀበለች፤ ከነገ ጀምሮ ቀጠሮ ይዘውላታል። ስትወርድ ጆሮዬን ያዘች። "አንተ ልጅ፣ አውቀህ ነው?" "እኔ? ታዛዥ ነኝ።" "ከዛሬ ጀምሮ ፀጉርህን በነፃ ነው የምቆርጥህ።" "ጆሮዬንስ?" "እሱን ቃል አልገባም" አለች። ትከሻዋ ግን በዚያን ቀን አልሳቀም።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ "ይመለሳል ወይ?" ይል ነበር፤ ሁለተኛው "አታስቸኩለው" ይላል። ምን ተገኘ? ጁሊያኖ የሚሉት ሰው መድኃኒት ነው የሚያመጣው ወይስ መድኃኒት ነው? ቀልዴን ነው። ጥቁር ስኒከርም ይሆናል።

ሐዲስ

*

አዳማ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለወንጌል፣

ሰላም ነዎት? ፎዚያ ሁለቴ ተመላልሳ ሁለቴም ባዶ እጇን መጣች። "ደብዳቤህን ሰጥቻታለሁ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አይቻለሁ" ትላለች። ቀልዴ ከፍቶዎት ከሆነ ይቅርታ። የጁሊያኖዋን ማለቴ ነው፤ እሷን ስጽፍ እጄ ነው የቀደመኝ።

ጋሼ እትዬ አበዛሽ ቤት ተኝተዋል። ሐኪም አይቷቸዋል፤ ጡንቻ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል ብሏል። እትዬ አበዛሽ ጾሙ ከተፈታም በኋላ በሶ ነው የሚያጠጧቸው። ፀጉራቸው ከሥር ነጭ፣ ከላይ ጥቁር ሆኗል፤ ከሩቅ ሲታዩ ቆብ ያደረጉ ይመስላሉ።

ትናንት አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አላሾፍኩም፣ ይመኑኝ፤ ትንሽ ብቻ ነው ያሾፍኩት። "ሐዲስ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላህ መስታወቱ ውስጥ አባትህ ቆሞ ታያለህ። እሱን ሸሽቼ ነው" አሉኝ። "ታዲያ ላንጋኖ ድረስ አልተከተልዎትም?" አልኳቸው። "በሶ ይዞ መጣ እንጂ" አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሳቸው ወገባቸውን ይዘው።

ከዚያ "ሰብሌ ሳሏ ተሽሏት ይሆን?" አሉኝ። ስለጠየቁ ነገርኳቸው። "እንዴት አወቅክ?" አሉ። ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። እሳቸውም "ትኬት አስቆርጥልኝ" አሉ።

እንግዲህ የጠየቁኝን አውቄልዎታለሁ። ይመለሳሉ። አሁን የማላውቀው እርስዎ ይፈልጓቸው እንደሆነ ነው። ትኬቱን ላስቆርጥ ወይስ ላዘግየው?

ሐዲስ

*

ቦሎኛ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዲስ ልጄ፣

አስቆርጥለት።

ቀልድህ አልከፋኝም። ልክ ስለነበረች ነው መልስ ያጣሁት።

ሲኞራ ባሕር አልሄደችም። ልጇ ተራራ ይዟት ወጥቷል። ባሕር የሄድነው እኔና ጁሊያኖ ነን። ኪዳኔ ወገቤን አለ፣ እኔ ሲኞራን አልኩ፤ ሁለታችንም በሽተኛ ተደግፈን ነው የዋሸነው። አንተ ስለ ፀጉር ቤቷ ሴትዮ ስትጽፍልኝ "እሱ ካደረገ እኔስ?" አልኩ። አዲስ ቀሚስ ገዛሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሽቶ ገዛሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሲኞራን እያጠብኩ የምኖር ሰው፣ እጄን አይቶ "ያምራል" የሚለኝ ሰው ሲመጣ ምን እንደምሆን አንተ ገና አይገባህም።

ባሕሩ በመስኮት የሚታይ ክፍል ነበር። ጁሊያኖ ሻወር ገብቶ ይዘፍናል። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የምይዘው ነገር ሳጣ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ያንተ ደብዳቤ ነበረች፣ ሳልከፍታት ይዣት ሄጄ ነበር። "ላንብብና ልናደድ፣ ስናደድ ይቀለኛል" ብዬ ጀመርኩ።

ቁምጣው ጋ ስደርስ አፌን ያዝኩ። "ጥርሴን" ያሉት ሴትዮ ጋ ከአልጋው ተንሸራተትኩ። "እመቤቴ ድረሽልኝ" ጋ ወለሉ ላይ ነበርኩ፤ እንባዬ ይወርዳል፣ መተንፈስ አቃተኝ። ጁሊያኖ ፎጣ አገልድሞ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ወጣ። "ምን ሆንሽ?" ቀና ብዬ አየሁት። ከጆሮው ሥር ጥቁር ውሃ በአንገቱ ላይ ይወርዳል። እሱም ቀለም ይቀባል ለካ!

ሐዲስ፣ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። አስረዳሃለሁ እያልኩት እስቃለሁ። ሆዱን ለቀቀው፤ ልብሱን ለበሰ፤ ተቀየመኝ። እውነቱን ነው። በባቡር ብቻዬን ተመለስኩ።

ምንም አልሆነም። ምንም አልሆነም ማለት ግን አልሄድኩም ማለት አይደለም። ይህን አንተና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ምስጢር የምትጠብቅ ልጅ አይደለህም፤ ግን ያለኸኝ አንተ ነህ።

ለየሺዓለም፣ ካገኘሃት፣ ሰብለወንጌል እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በላት። ለምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ሰብለወንጌል

*

አዳማ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብልዬ፣

ይህች ደብዳቤ ከጋሽ ኪዳኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን ነው የምትመጣው፤ እሳቸው አሥራ አራተኛው ረድፍ፣ እሷ ፎዚያ ቦርሳ ውስጥ አሥራ አምስተኛው። ዘወር ካሉ ይተያያሉ።

አፌን በተመለከተ፣ ዝም ማለት እየተለማመድኩ ነው። ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ፤ እናቴ ግንባሬን ዳስሳ "ትኩሳት ነው" አለች። ያሉኝ ነገር ከኔ አይወጣም። ለባጃጄ እንኳ አልነገርኳትም፣ እሷ ደግሞ ታቃስታለች እንጂ አታወራም።

ሰላምታዎን ለየሺዓለም አደረስኩ። መቀሱን አስቀመጠች። "ሚስቲቱ ናት እንዲህ ያለችው?" አለች። "አዎ።" መስታወቱን በጨርቅ ወለወለችና "ቀኝ ጎኑ ላይ ገር ትሁንበት፤ እዚያ ላይ አብዝቼበታለሁ" አለች። ከዚያ ትከሻዋ ሳቀ። ለአሮጊቶቹ ከፀጉር ቤቱ ኋላ አልጋ ዘርግታለች፤ ሰልፍ ነው።

እትዬ አበዛሽ ለጋሼ ከረጢት በሶና አንድ ጠርሙስ የላንጋኖ ጠበል ጭነውላቸዋል። እንዳይጥሉባቸው፣ ደውለው ይጠይቃሉ።

መልካም አዲስ ዓመት። ገር ይሁኑ፤ ብዙም አይሁኑ።

ሐዲስ

*

ቦሎኛ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዲስ፣

አዲሱ ዓመት ዕድሜና አደብ ይስጥህ፤ ከሁለቱ አንዱን እንኳ ይስጥህ። ጥቁሩ ስኒከር በፎዚያ እጅ ይመጣልሃል።

ኪዳኔ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ ነው ከአውሮፕላን የወጣው። በሶውን ጭኑ ላይ ይዞ። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረና ተመልሶ ቁጭ አለ። እኔም አልሳቅሁም፤ ጥርሴን ነክሼ።

ቤት ገብተን ሻይ ሰጠሁትና "ሱባኤህ እንዴት ነበር?" አልኩት።

"የት?"

"ላንጋኖ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። የሆነውን ሁሉ እንደማውቅ ገባው።

"ስንት ቀን ይዘህ አቋረጥከው?"

"ሦስት" አለ፣ ወለሉን እያየ።

"የቀረውን እዚህ ትጨርሳለህ። ከዘመን መለወጫ ጀምሮ። በሶው አለ። አንተ ሶፋው ላይ፣ እኔ መኝታ ቤት።"

ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ወደ ኩሽና ሲገባ እኔም በሶ በጥብጬ ስጠጣ አገኘኝ። ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። በሶዬን አየ፣ እኔን አየ፣ የራሱን በሶ በጠበጠ።

ቆይቶ "ባሕሩ እንዴት ነበር?" አለኝ። ጁሊያኖ በቴሌግራም የጻፈልኝን ታብሌቱ ላይ አይቷል ለካ!

"ይቀዘቅዛል" አልኩት።

"ሐይቁም ይቀዘቅዛል" አለ።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ አላወራንም።

ማታ ማታ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ወገቡን በተረከዜ እረግጥለታለሁ። ቀኝ ጎኑ ላይ ገር አደርጋለሁ። "በክርኗ ነበር?" አልኩት አንድ ቀን። ደንግጦ "ማን ነገረሽ?" አለ። "ወገብህ" አልኩት። ጥቁሩን ፀጉር በመቀስ ቆርጬ ጥዬለታለሁ፤ ነጩ ያምርበታል። ይህን ገና አልነገርኩትም።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ጠዋት ተላጨ። ሸሚዙን ተኮሰ። ከሰዓት በኋላ ከሻንጣው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ፣ እኔ የማላየው መስሎት፣ ያቺን ብርቱካን ብርቱካን የምትለውን ክኒን ሁለት ዋጠ። እውነቱን አልነግረውም። አንተም እንዳትነግረው።

አሁን ይህን ስጽፍልህ መኝታ ቤቱ በር ላይ ሳል ይሰማኛል። ሳሉ የሱ ነው፣ ጉንፋን ግን የለበትም፤ ትራሱን ታቅፎ ቆሟል።

"ሰብሌ፣ ልግባ ወይ?" ይለኛል።

"ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው" አልኩት።

ይቁም ትንሽ።

ሰብለወንጌል